ደብረ ታቦር የማታውቀው ሐኪም

መመዘን ክፉ ነገር ነው። ጤፍም ይሰፈራል፣ በግም ወገቡ ይዳሰሳል፣ ለጋብቻ የታጨች ልጅም ዘሯ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ጤፍ ወደ ቁናው ሲወርድ «የጎረቤቴ ጤፍ ይበልጠኝ ይሆን?» ብሎ ሆዱ አይላወስም። በግም የዳሰሰው ሰውዬ ፊቱን ያጨፍግግ ያብራ ዞር ብሎ አያይም። ሰው ግን ያያል። ሚዛኑን ያያል፣ መዛኙን ያያል፣ ከጎኑ ተሰልፎ የሚመዘነውንም ያያል፤ ከዚያ ቤቱ ሲገባ እህል አልወርድ ይለዋል። ተመዛኙ ሐኪም የሆነ እንደሆነማ አይጣል ነው። ሐኪም የሰው ልብ ምት ሲቆጥር የሚኖር ፍጡር ስለሆነ፣ አንዴ የራሱን መቁጠር ከጀመረ መቆሚያ የለውም። በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ስቆጥር ነዋ የከረምኩት!

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ፤ ያን ጊዜ የነበርነው ሐኪሞች ሁለት ብቻ ነን፣ እኔና ዶክተር ፈለቀ። «ጠቅላላ ሐኪም» ሲሉት ትልቅ ስም ነው። ሰው ሲሰማው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የማይሳነው ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጠቅላላ ሐኪም ማለት ሁሉንም ነገር ትንሽ ትንሽ የሚያውቅና ዋናው ነገር ሲመጣ «ወደ ጎንደር ይወሰድ» ብሎ ወረቀት የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ጽፌያለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጎንደር ላይ ከእኔ በፊት የታወቀ ነበር።

አራት ዓመት ያገለገለ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን ማመልከት ይችላል። ማመልከቱ ምንም አይደለም፤ ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ቅጽ ይሰጠዋል። ቅጹ ላይ ሦስት መስመሮች አሉ፦ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። ቀዶ ጥገናውን፣ የውስጥ ደዌውን፣ የሕፃናቱን፣ እንደ ልቡ ቅደም ተከተል ሰጥቶ ይሞላል። በዚያ ወገን ደግሞ የትምህርት ክፍሎቹ አመልካቾቹን ሁሉ በነጥብ አበጥረው፣ እገሌ አንደኛ፣ እገሌ ሁለተኛ ብለው የራሳቸውን ዝርዝር ያወጣሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኮሚቴ ይቀመጥና ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቶ ያጋባል። የመረጣት ክፍል ከመረጠችው እሰየው ነው። እሱ አንደኛ ብሏት እሷ አሥራ አንደኛ ያደረገችው እንደሆነ ግን ወደ ሁለተኛይቱ ይሄዳል። ሁለተኛይቱም «ለካ እኔን መጠባበቂያ አድርጎኝ ኖሯል» ብላ ካኮረፈች፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ወደ መጣበት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሠርግ የት አገር አለ? ሽማግሌ የለው፣ አማላጅ የለው፣ ሙሽሮቹ ተያይተው አያውቁ!

እኔ የፈለግሁት ቀዶ ጥገናን ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን። አንድ ክረምት ስምንት ሰዎች አንድ ገበሬ በቃሬዛ ተሸክመው ከጉና ተራራ ወረዱ። አንጀቱ ታጥፎበት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። በሽታውን ሳየው አውቄዋለሁ። በመጽሐፉ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ በየት በኩል ተከፍቶ አንጀቱ እንዴት እንደሚፈታ አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም። ስለዚህ ያንኑ ወረቀቴን ጻፍኩ። በጭነት መኪና አሳፍረው ወሰዱት፤ አዲስ ዘመን ከተማን አለፍ እንዳሉ ሞተ። አስከሬኑን ይዘው ሲመለሱ ወንድሙ ደጃፌ ላይ ቆመና ጎንበስ ብሎ፣ ስለደከሙልን እግዜር ይስጥልን አለኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያመኛል።

እንግዲያው ቀዶ ጥገናን አንደኛ ብሎ መጻፍ ነው፣ ምን ያስጨንቃል? ትሉኛላችሁ። ያስጨንቃል እንጂ! በዚያ ዓመት ለክፍለ ሀገራችን የተሰጠችው የቀዶ ጥገና ቦታ አንዲት ብቻ ናት። አንደኛ ብያት ያጣኋት እንደሆነ ሁለተኛይቱ ታኮርፋለች። ሁለተኛ ብላት ደግሞ ራሷ ታኮርፋለች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እኔ ሦስት መስመር ተሰጥቶኝ በሁለት እግር ሦስት ዛፍ ልወጣ ቃጣኝ። በእርሳስ እጽፋለሁ፣ በላጲስ አጠፋለሁ። ቀዶ ጥገና ይወርዳል፣ የውስጥ ደዌ ይወጣል። ቅጹ በመጨረሻ ከመፋቁ የተነሣ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር። አንድ ቀን ግን ያ ደጃፌ ላይ የቆመው ሰውዬ ትዝ አለኝና፣ በቀለም፣ ጫን አድርጌ፣ «አንደኛ፦ ቀዶ ጥገና» ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ፈለቀስ? ዶክተር ፈለቀ ቅጹን በተሰጠው ቀን፣ በቆመበት፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላው። ምን አልክ ብዬ ብጠይቀው ቀዶ ጥገና ብያለሁ አለኝ። ልቤ ዱብ አለች። ምነው ቀዶ ጥገና ትወድ ነበር እንዴ ብለው፣ ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ዝርዝሩ ላይ ከላይ የተጻፈው እሱ ስለሆነ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ክፋት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ሥራም ቢሆን ብዙ አልፈጠረበትም። ከምሳ በኋላ ከቀበሌው ሹማምንት ጋር ካርታ ይጫወታል፣ ሠርግ ቤት ዘፈን ያወርዳል፣ እስክስታው ለጉድ ነው። የተመደበለትን በሽተኛ ግማሹን እኔ አያለሁ። ይህንንም የምለው ለመክሰስ አይደለም። ብቻ ነጥብ ሲቆጠር እንዲታወቅልኝ ያህል ነው።

ነጥቡ በአራት ነገር ይሰጣል ይባል ነበር። አንደኛው የአገልግሎት ዘመን ነው፤ እኩል ነን። ሁለተኛው የአለቃ አስተያየት ነው፤ አለቃችን ለሁሉም «ትጉ ሠራተኛ» ብሎ የሚጽፍ፣ ከዚህ የተለየ ቃል የማያውቅ ሰው ስለነበር እዚህም እኩል ነን። ሦስተኛው ፈተና ነው፤ እዚህ ላይ ሳልዋሽ እበልጠዋለሁ። አራተኛው ደግሞ «ከሰፊው ሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት» የሚባል ነው። ይህንን የሚያጠኑ ሰዎች ሐኪሙ ወደሚሠራበት አገር ድረስ መጥተው፣ ሐኪሙ ሳያውቅ፣ ከሕዝቡ መካከል እየዞሩ ይጠይቃሉ። ወሬው ደግሞ አራተኛው ሦስቱን ይውጣቸዋል የሚል ነበር። ይህን ስሰማ ደስታዬን አልችል አልኩ። ሕዝብ ይጠየቅልኝ ነው ያልኩት! ሕዝብ!

ምክንያቱም ደብረ ታቦር ላይ እኔን የማያውቅ ሰው ቢገኝ ትናንት በመኪና የገባ እንግዳ ነው። ከሥራ ወደ ቤቴ መንገዱ አጭር ነው፤ ሰላምታው ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ግራዝማች አየለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ማዕረጉ በአዋጅ ቀርቷል፤ እሳቸው ግን አዋጁ የደረሳቸው አይመስሉም። ጭናቸውን ጎሽ የወጋቸው ይመስል የሚያስፈራ ቁስል ነበረባቸውና ሁለት ወር ተመላልሼ አድኛቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ በየሄዱበት ጋቢያቸውን ገልጠው ጠባሳውን ሳያሳዩ ወግ አይጀምሩም። ሰይድ ልብስ ሰፊውም አለ። ሚስቱ በምጥ የተጨነቀች ጊዜ እናትና ልጅ በእጄ ተርፈዋል፤ ልጁንም በአባትዎ ስም ልጥራው ብሎ ቢለምነኝ በስንት ግድ ነው ያስተውኩት። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ተጠይቀው እኔ ልወድቅ? ሊሆን አይችልም።

አንድ ሐሙስ ጧት ታካሚዎቼን አንድ ሁለት እያልኩ አይቼ፣ ቀጣይ ብዬ ተጣራሁ። ማንም አልገባም። ደግሜ ተጣራሁ። ዝም። ብወጣ ግቢው ባዶ ነው። ሲነጋ አርባ ሰው የነበረበት ግቢ፣ አግዳሚው ላይ አንድ ነፍስ የለም። ዘበኛው ብቻ በሩ ላይ እንደ ግንድ ተገትሮ ቆሟል። ሰዉ የት ሄደ ብለው፣ ሄዱ፣ ተሽሏቸዋል አለኝ። ሁሉም? ብለው፣ ሁሉም አለኝ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ። አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔ ያሰብኩትን ልናገርና ሳቁብኝ። ከዚያ ቀደም ባለው ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሜ ስለ ውኃ አፍልቶ መጠጣት አስተምሬ ነበር። «ተመስገን! ትምህርቴ ሠራ!» አልኩ። ለአለቃዬም የጤና ትምህርት በሕዝቡ ዘንድ ያመጣውን ውጤት የሚመለከት አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። አንድ ገጽ አይሞላም፤ ግን ጻፍኩ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። የመጠበቅን ነገር ያልጠበቀ አያውቀውም። ፖስታ በሚገባበት ቀን ሁሉ ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ነኝ። ጸሐፊው ገና ሲያየኝ በአንገቱ የለም ይለኛል። ከዚያ ወደ ኋላ ቀርቼ ያ የአንገት ንቅናቄ «የለም» ነው ወይስ «መጥቶ ክፉ ስለሆነ ደበቅሁብህ» ነው እያልኩ አሰላስላለሁ። ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር ይባል የለ? የበሽተኛ ጀርባ ላይ ማዳመጫዬን አድርጌ የማዳምጠው የራሴን ልብ ነው። አንዲት እናት ስንት ጊዜ ትንፋሽሽን ሳቢ ስላት ቆይታ፣ ዶክተር፣ እርስዎም ይሳቡ እንጂ አለችኝ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ደግሞ ክፉው ነገር፣ ከፈለቀ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ምሳ እንበላለን። እሱ ይበላል፣ እኔ አየዋለሁ።

ደብዳቤዎቹ በአንድ ቀን መጡ። የፈለቀ አጭር ናት፦ በቀዶ ጥገና ክፍል በአንደኝነት ስለተመረጡ በመስከረም ሪፖርት ያድርጉ። የእኔ ረዘም ትላለች። ደብዳቤ ሲረዝም ደግ አይደለም። በፈተና ያገኘሁት ውጤት ከፍተኛ መሆኑን ትገልጽና «ነገር ግን» ትላለች። ነገር ግን በቦታው በተደረገው ጥናት በአካባቢው ሰፊ ሕዝብ ዘንድ ጨርሶ የማይታወቁ ሆነው በመገኘትዎ፣ በየትኛውም ክፍል ሊመደቡ አልቻሉም። በዚህ ብታበቃ እኮ ጥሩ ነበር። አላበቃችም። ላለፉት አራት ዓመታት በሥራ ቦታዎ ላይ ስለ መገኘትዎ ማስረጃ በአስቸኳይ እንዲያቀርቡ ትላለች! ያ ሁሉ ምሽትና ንጋት፣ ያ ሁሉ የሰው ደም የነካው እጄ፣ አሁን ደብረ ታቦር ላይ እንደነበረ ምስክር ሊጠራ ነው።

ፈለቀ ደብዳቤውን እንደ ጥፋተኛ በሁለት እጁ ይዞ መጣና፣ ወንድሜ ይቅር በለኝ፣ ደግሞ እኮ ደም ብዙ ሳይ ያዞረኛል አለኝ። ከልቡ ነው። ከልቡ በመሆኑ ይበልጥ ተናደድኩ።

በቀጥታ ግራዝማች አየለ ዘንድ ሄድኩ። ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሰላምታውን በልኩ ሳልጨርስ፣ ግራዝማች፣ ስለ እኔ የጠየቅዎት ሰው ነበር ወይ? አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ነበር እንጂ ልጄ፣ እኔ ደግሞ ትሰቀቃለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ አሉና ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለት ናቸው፣ ካኪ የለበሱ፣ ደብተር የያዙ። ዶክተር ምስጋናውን ያውቁታል? ከማን ጋር ይውላል? ሲያወራ ምን ያወራል? አሉኝ። እኔ አየለ ሞኝ ነኝ? ምስጋናው የሚባል ሰው በጆሮዬም ገብቶ አያውቅ አልኳቸው። በል አሁን እግዜርን አመስግን፣ አትርፈንሃል! አሉኝ።

በዚያን ዕለት፣ እንጨት ሲፈልጡ የቆሰለው እጃቸው ላይ የነበረውን ፋሻ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። ፋሻውን ማን አሰረልዎ ቢሏቸው፣ ራሴ በጥርሴ ብለዋል። ሰዎቹ ወደ ሰይድ ሄዱ። ሰይድ የእኔን ሱሪ በስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ እየሰፋ ነው። የማን ነው ቢሉት፣ የሟች ወንድሜ ነው አለ። ሰይድ ወንድም ኖሮት አያውቅም። ከዚያ ወደ እኛ ግቢ መጡ። ዘበኛው እንደዚህ የሚባል ሐኪም እዚህ ኖሮ አያውቅም ሲል፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አርባ ሰዎች ካርዳቸውን ወደ ብብታቸው እየሸጎጡ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ራስ ምታቱ፣ ሳሉ፣ ወባው፣ ሁሉም እንዳለ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም ውስጥ ሆኜ «ቀጣይ» እላለሁ።

አትፍረዱባቸው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ደብተር ይዞ የሰው ስም እየጠራ የመጣ ሰው፣ ስሙ የተጠራውን ሰው ለደግ ሲፈልገው ታይቶ አያውቅም ነበር። አውቀዋለሁ ያለ አብሮ ይሄዳል። አላውቀውም ያለ ቢያንስ የሰውዬውን ስም አንድ ቀን ያዘገያል። ስንት ቤት ይህን ትምህርት በልጁ ገዝቶታል። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ፤ ደብረ ታቦር እኔን በአንድ ጧት አርባ ጊዜ ካደችኝ። ጴጥሮስ የካደው ለራሱ ፈርቶ ነው፤ እነዚህ ግን ለእኔ ፈርተው ነው። ደግሞ ማንም ማንንም አላማከረም፤ ስብሰባ አልተጠራ፣ ውሳኔ አልተላለፈ። እያንዳንዱ በየራሱ፣ በየበሩ፣ አላውቀውም አለ።

እና ፈለቀስ? አልኳቸው ግራዝማችን። ፈለቀንማ እናውቀዋለን አልናቸው አሉኝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቄ እየገረማቸው። እሱ ከቀበሌው ሰዎች ጋር ካርታ ሲጫወት የሚውል፣ ማን ምን ያደርገዋል? የሚጠጣበትን ቤት አሳየናቸው፣ እስክስታውንም ነገርናቸው፣ ሁሉንም በደብተራቸው እየሣቁ ጻፉት። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። በኮሚቴው ሚዛን አንዱ ሐኪም በሠርጉ ሳይቀር ከሕዝቡ ጋር የተዋሃደ ነው፤ ሌላው ደግሞ አራት ዓመት ደመወዝ የበላ መንፈስ ነው። እኔም ከኮሚቴው ውስጥ ብሆን ፈለቀን ነው አንደኛ የማደርገው። ልቆጣ ብዬ ነበር የሄድኩት። ማልቀሴን ያወቅሁት ግራዝማች ዕንባዬን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉልኝ ነው። እሳቸው የደስታ መስሏቸዋል።

ለመትረፌ በግ ታረደ። በላሁ። ምን ላድርግ?

በልቼ ስጨርስ ግን ሁሉንም ሰብስቤ ነገሩን አስረዳሁ። እነዚያ ሰዎች ሊያስሩኝ ሳይሆን ሊያስተምሩኝ ነበር የመጡት፤ ተምሬ ብመለስ ከጉና የሚወርደው ሁሉ በየመንገዱ አይሞትም ነበር አልኳቸው። ሰይድ ራሱን ያዘ። ግራዝማች አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ታዲያ ልጄ፣ ሁሉም ካኪ ለብሶ፣ ሁሉም ደብተር ይዞ ሲመጣ፣ ደጉን ከክፉው በምን እንለየዋለን? አሉኝ። ጥያቄው ጥያቄ ነው። እኔ ግን በንዴትም በኩራትም ላይ ነበርኩና፣ አያስቡ ግራዝማች፣ ስለ እኔ የሚጠይቅ ሁሉ ለደግ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ የምታውቁትን ሁሉ ሳትሰስቱ ተናገሩ አልኩ። እንዲያውም ተቀምጠን ተለማመድን። እኔ መርማሪ እሆናለሁ፣ እነሱ ያወድሱኛል። ሰው ቁጭ ብሎ የራሱን ውዳሴ ሲያርም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አርሜያለሁ። ሰይድን «አትቸኩል፣ ይጻፉልህ» ያልኩት ራሴ ነኝ።

ዓመቱ ዞረ። ቅጹን እንደገና ሞላሁ፤ በዚህ ጊዜ ላጲስ አላስፈለገኝም፣ አንደኛ ቀዶ ጥገና። ፈለቀ አዲስ አበባ ሆኖ አንድ የወዳጅ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ደም ማየቱን እየለመደው ነው። እኔም የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ እጠብቃለሁ። አንድ ማለዳ መኪና መጣች፣ ሁለት ሰዎች ወረዱ፣ ካኪ፣ ደብተር። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ በመስኮት ጠቀሰኝ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ በሬን ዘጋሁና ልቤን መቁጠር ጀመርኩ።

አገሩ ሁሉ ወጣ። ታውቁታላችሁ ወይ ሲባል ያልመለሰ የለም። ግራዝማች ጠባሳውን አሳዩ፣ ለእንግዶቹ በእጃቸው አስነኩ። ሰይድ ልጁን አዝሎ መጣ። ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ቁስል ይሰፋል አሉ፤ እውነት ነው። ደም አይቶ አይደነግጥም፣ ሰው ሲጮህ እጁ አይንቀጠቀጥም አሉ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አሉ። ሳይበላ ሳይተኛ ሦስት ቀን ይሠራል አሉ። ከጉና የወረደ ሰውም በማላውቀው ጉዳይ አመሰገነኝ። እንግዶቹ ከደብተራቸው ቀና አላሉም ነበር አሉኝ፤ አንደኛው እንዲያውም እንዲህ ያለውን ሰው ነው የምንፈልገው ብሎ ለባልደረባው ሲናገር ሰይድ በጆሮው ሰምቷል። በዚያ ቀን ምሳ ሁለት ጊዜ በላሁ።

ውጤቱ በፖስታ አልመጣም፤ ወር ሳይጠብቅ በሰው እጅ ነው የመጣው። ከክፍለ ሀገሩ ሐኪሞች ሁሉ በአንደኝነት ተመርጫለሁ። አንደኛ! ደብዳቤውን ይዤ ቆሜ ሁለተኛውን መስመር እስካነብ ድረስ ዓለም የእኔ ነበረች። በሰሜን ግንባር በሚገኘው የጦር ሜዳ ሕክምና፣ በቀዶ ጥገና ክፍል እንዲያገለግሉ ስለተመደቡ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይንቀሳቀሱ። እንግዶቹ ከኮሚቴው አልነበሩም ለካ። ሌላ ደብተር ነው። የኮሚቴዎቹ በዚያ ዓመት አልመጡም፤ መንገዱ አያስኬድም ብለው ቀሩ አሉ።

ሊወስደኝ የመጣው የጭነት መኪና በሦስተኛው ቀን ጧት ገበያው ዳር ቆመ። ከሾፌሩ አጠገብ መዝገቤን የያዘ አንድ የአሥር አለቃ አለ፤ እኔ በመካከላቸው ተቀመጥኩ። ሰው መኪናውን ከበበው። ሴቶች ያለቅሳሉ፣ ሰይድ ሦስቱን ቀን ሲሰፋልኝ የሰነበተውን ካፖርት በመስኮት ሊያቀብለኝ ይጋፋል። ግራዝማች አየለ መጡና ከመኪናው ፊት ቆሙ። ከዘራቸውን ሽቅብ አንሥተው፣ ልጆቻችንን ወስዳችሁ አልበቃችሁም? አሁን ደግሞ ሐኪማችንን! እግዜር ይይላችሁ! እግዜር ይይላችሁ! እያሉ ይጮኻሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል እንደቀረ እሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

የአሥር አለቃው አያቸው። ከዚያ ከደረት ኪሱ ደብተሩን አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከፈተና ወደ እኔ ዞረ። ያ ሽማግሌ ማነው? ስሙ ማን ይባላል? አለኝ።

እንጃ፣ አይቼው አላውቅም አልኩት።

ይኸ ካፖርት የያዘውስ? አለኝ። እሱንም አላውቀው አልኩ። ሴቶቹን በእስክሪብቶው እየጠቆመ ጠየቀኝ፤ አንዳቸውንም አላውቅም አልኩ። ካፖርቱ በመስኮት ገብቶ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ እንደ እንግዳ ዕቃ አየሁት። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሰዎች ግራዝማችን እጃቸውን ይዘው ወደ ዳር ሳቧቸው፣ መኪናውም ተንቀሳቀሰ። የአሥር አለቃው መዝገቤን ገልጦ ጥቂት አነበበ። ደብተሩን ምንም ሳይጽፍበት ወደ ኪሱ መለሰና በትዝብት አየኝ።

«አምስት ዓመት እዚህ ተቀምጠህ አንድ ሰው አታውቅም?» አለኝ። «ምን ዓይነት ሐኪም ነህ አንተ!»